የክረምት ጎመን፣ ድንችና እሸት በቤት ውስጥ አበሳሰል

መግቢያ

በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይናደጋ ክፍል ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች የሚገናኙበት ወቅት ነው። ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ የተወቃው እህል ከጎተራ እየመነመነ ይሄዳል፤ ዘሩም ወደ መሬት ገብቷል። የቀረችው ጥቂት እህል ለአረም ሥራ ጉልበት መጠበቂያ ትሆናለች። በዚያው ወቅት ግን በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በዓመት ውስጥ ከሚሰጠው ሁሉ የበለጠ ለምለም ነገር ያወጣል። ጎመኑ ይንሰራፋል፣ የበልጉ ድንች ይቆፈራል፣ ዱባው ሐረጉን ይስባል፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮም እሸት በቆሎ ይደርሳል።

ምርት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከአንድ ሄክታር የተገኘው ኩንታል ነው። አትክልቱ ከጓሮ ተቆርጦ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ድረስ ምን ያህል ጥቅሙ እንደሚጠፋ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ፣ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ሲጨመቅና ያለ ቅባት ሲበላ የሚባክነው ንጥረ ነገር ጥሩ ዘርና ማዳበሪያ ካስገኙት ጭማሪ የማያንስበት ጊዜ አለ። ይህን ብክነት ለማዳን አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ክዳን ያለው ድስት፣ ጥቂት ዘይትና የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ይበቃል።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በክረምት አንድ ሕፃን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ዕቃ እየረገጠ የሚሄድ፣ እናቱን በዓይኑ ሳይሆን በድምፅዋ የሚፈልግ ከሆነ ዳፍንት ይዞታል ማለት ነው። ዳፍንት የቫይታሚን ኤ ጉድለት የመጀመሪያ ምልክት ነው። ጉድለቱ ከቀጠለ ዓይኑ ይደርቃል፣ ብሌኑ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ይታወራል። ከዓይን ሌላ ሰውነቱ በሽታ የመቋቋም ኃይሉ ስለሚደክም ኩፍኝና ተቅማጥ በቀላሉ ይጥሉታል። ዳፍንት የታየበት ልጅ ምግብ እስኪያድነው ድረስ የሚጠበቅ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ የቫይታሚን ኤ እንክብል መዋጥ ይኖርበታል። ገና ያልታመመውን ልጅ ግን የሚጠብቀው ከጓሮ የሚቆረጠው ጎመንና የአበሳሰሉ ዘዴ ነው።

ስለ ውኃና ስለ እሳት

ወደ አትክልቶቹ ከመግባታችን በፊት በደጋ አገር ምግብ ለሚያበስል ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሆለታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ2800 ሜትር በላይ በሆነው በደብረ ብርሃን ደግሞ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ በውጭ አገር የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት ላይ «ለ20 ደቂቃ ይቀቀል» ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ደጋ አይሠራም። ድንቹም ባቄላውም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቆላ ወርዳ የተዳረች ወይም ከቆላ ወደ ደጋ የመጣች ባለሙያ ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች። ሁለተኛው የበለጠ ጥቅም አለው። አንድ ጊዜ የፈላ ውኃ ምንም ያህል እንጨት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። በኃይል የሚንተከተክ ድስትና ቀስ ብሎ ከዳር የሚፈላ ድስት ሙቀታቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው ውኃውን ቶሎ ማትነኑና እንጨት መፍጀቱ ብቻ ነው። ስለሆነም ድስቱ እንደ ፈላ እንጨቱን ወደ ኋላ መሳብና ክዳኑን መግጠም ይገባል።

በክረምት እንጨት እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ከሚሰጠው ሙቀት ከፊሉን የራሱን ውኃ ለማድረቅ ያጠፋዋል፤ የቀረው ጢስ ሆኖ በእናትና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ይገባል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚበቃ እንጨት ተፈልጦ ዝናብ በማይነካው በረንዳ ሥር አየር እንዲያገኝ ተበታትኖ መደርደር አለበት። ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ መስቀሉ ቶሎ ያደርቃል፣ ነገር ግን ጣራው ሣር ከሆነ ለቃጠሎ ያጋልጣል።

ማገዶ ለሚቸግረው ቤት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ትልቅ ቅርጫት ወይም ቁና የጤፍ ጭድ ይሞላና መካከሉ በድስቱ ልክ ይጎደጎዳል። ድንቱ ወይም ምስሩ 15 ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ድስቱ ክዳኑ ሳይነሣ ወደ ጭዱ ይገባል፤ ከላይ ሌላ ጭድ የተሞላ ከረጢት ወይም ያረጀ ጋቢ ይደረብበታል። ሙቀቱ ስለማይወጣ ምግቡ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል፤ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ድስቱ ሙሉ መሆን አለበት፤ ግማሽ የሆነ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቦሎቄ ግን በዚህ መንገድ ብቻ አይበስልም። ጥሬ ቦሎቄ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ ነገር ስላለበት ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ የዘፈዘፈው ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ እሳት ላይ እያለ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በደንብ መፍላት አለበት። ከዚያ በኋላ ወደ ጭዱ ሊገባ ይችላል።

ጎመን

ስለ ጎመን የሚነገሩ ብሂሎች አትክልቱ በሕዝቡ ዘንድ ያለውን ቦታ ያሳያሉ። «ጎመን በጤና» የሚለው ድህነትን በሰላም መቀበልን ይገልጻል። አዲስ ዓመት ሲብት ደግሞ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ጎመን የችግር ጊዜ ምግብ ነው፤ እህል ሲደርስ ይባረራል። ገንፎው መግባቱ መልካም ነው፤ ጎመኑ መውጣቱ ግን ለልጆች አይበጅም። የሁለቱ ምንቸቶች ቦታ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ቢሆን ይሻላል።

የሐበሻ ጎመን በቤታ ካሮቲን፣ በቫይታሚን ሲ፣ በፎሌትና በካልሲየም የበለጸገ ነው። ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ግን ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ አያያዛቸውም ይለያያል። ቫይታሚን ሲና ፎሌት በውኃ ይሟሟሉ፣ ሙቀትና አየርም ይጎዷቸዋል። ቤታ ካሮቲን በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት እንጂ። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚጻፈውን ሁሉ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ጎመን የሚቆረጠው ድስቱ ከመጣዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጠዋት ተቆርጦ እስከ ማታ በቅርጫት የጠወለገ ቅጠል ከቫይታሚን ሲው ብዙውን አጥቷል። ከታች ያሉት ወፈር ያሉ ነገር ግን ገና ያልቢጫቸው ቅጠሎች ከነአገዳቸው ይሸለቀቃሉ፤ ጫፉ ሳይነካ ከተተወ ተክሉ ክረምቱን ሙሉ ይሰጣል። ቅጠሉ ሙሉውን እንዳለ ይታጠባል፣ ከዚያም ይከተፋል። ይህ ቅደም ተከተል በብዙ ቤት ተገልብጦ ይታያል። ከተከተፈ በኋላ በውኃ የሚታሸው ጎመን አረንጓዴ ውኃ ሲወጣው የሚታየው ጥቅሙ ነው።

የተለመደው አበሳሰል ጎመኑን በብዙ ውኃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ እንደ ኳስ ካድበለበሉ በኋላ ከትፎ በሽንኩርትና በዘይት ማቁላላት ነው። ስለዚህ አሠራር እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ቀቅላ የምትጨምቅ እናት ልጅዋን ከቫይታሚን ኤ አልከለከለችም፤ ቤታ ካሮቲኑ ከቅጠሉ ጋር ይቀራል። ውኃው ጋር የተደፋው አብዛኛው ቫይታሚን ሲ፣ ከፎሌቱም ብዙው ነው። ፎሌት ለነፍሰ ጡር ሴት የግድ የሚያስፈልግ ስለሆነ ይህ ቀላል ኪሣራ አይባልም።

የተሻለው መንገድ የሚከተለው ነው። ለ6 ሰው የሚሆን ጎመን፣ ማለትም በሁለት እጅ ሁለት ጊዜ የሚታቀፍ ያህል፣ ታጥቦ ይከተፋል። 2 መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ተከትፎ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እስኪለሰልስ ይቁላላል። ጥቂት የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል። ከዚያ ጎመኑ ከመታጠቡ በላዩ ላይ ከቀረው ውኃ ጋር ተጨምሮ ይማሰላል፣ 1 የቡና ሲኒ ውኃ ይደረግበትና ድስቱ ይከደናል። እሳቱ ይቀንሳል። ለጋ ጎመን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ወፍራሙ 20 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። መካከል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍቶ ማማሰል ነው። ሊወርድ ሲል ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ ይጨመራል። በዚህ መንገድ የሚደፋ ውኃ አይኖርም፤ ማገዶውም ከተለመደው ያነሰ ነው።

«ሳይጨመቅ ይመራል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አልተሳሳቱም። ያረጀ ቅጠልና ዝናብ ያጠረው ጎመን ይመራል። እንዲህ ያለው ከሆነ በትንሽ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሎ ውኃውን ለሽሮ ወይም ለክክ ወጥ ማቅጠኛ ማዋል ይቻላል። በሽሮው ውስጥ ምሬቱ አይታወቅም።

አሁን ስለ ቅባት። ቤታ ካሮቲን ቅባት ከሌለ ከአንጀት ወደ ደም በቅጡ አይገባም። በልጁ ድርሻ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ያህል ዘይት ወይም ቅቤ መኖሩ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ጎመኑ የታሰበለትን አይሠራም። በፍልሰታ፣ ማለትም ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ባለው ጾም፣ ቅቤ ስለማይበላ የኑግ፣ የሱፍ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ይጠቅማል። ዘይት በውድ ዋጋ የሚሸጥበት ወይም የማይገኝበት ቦታ ተልባ ወይም ኑግ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በጎመኑ ላይ መነስነስ ነው። የተልባው ቅባት ለዚህ ሥራ ከሱቅ ዘይት አያንስም።

ቀደም ባሉት ዓመታት በመጻሕፍት 6 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን በሰውነት ውስጥ 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ይሆናል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን አሻሽሎ 12 ለ1 አደረገው። እንግዲህ ጎመን ይሰጣል ተብሎ ከታሰበው ግማሹን ነው የሚሰጠው። ይህ ጎመንን የሚያስተው ሳይሆን ቶሎ ቶሎ እንዲበላ፣ ከቅባት እንዳይለይና ካሮት፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ዱባ፣ ሲገኝም እንቁላልና ጉበት እንዲታከልበት የሚያስገድድ ነው።

የጉራጌ ባልትና ይህን ሁሉ ሳይንቲስቶች ሳይደርሱበት ፈትቶታል። በመስቀል የሚቀርበው ጎመን ክትፎ በጣም ደቆ የተከተፈ ጎመን፣ የተነጠረ ቅቤና አይብ ነው። መድቀቁ ካሮቲኑን ከቅጠሉ ያላቅቃል፣ ቅቤው ያሳልፈዋል፣ አይቡ ጥሩ ፕሮቲን ይጨምርበታል። ከዚህ የተሻለ አዘገጃጀት ከላቦራቶሪ ይወጣል ብዬ አልጠብቅም።

በጎመን ውስጥ ብረትም አለ፤ ነገር ግን የቅጠል ብረት ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት አይደለም። ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮ ሲበላ ይሻሻላል፤ ሎሚ ቢጨመቅበት ወይም ጥሬ ቃሪያ ስንግ ሆኖ ቢቀርብ ጥሩ ነው። በአንጻሩ ቡናና ሻይ ብረቱን ያስሩታል። ምግቡ እንደተነሣ ወዲያው ቡና ማቅረብ የአገራችን ወግ ስለሆነ ይህን ማለት ደስ አይልም፤ ቢሆንም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ቡናዋን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ብታቆየው ይጠቅማታል። ቡናውን ተዪው አልተባለም።

ጨው በመጨረሻ የሚገባበት ምክንያት አለ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ተደርጓል። አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ይበናል። በክረምት ክፍት በሆነ ዕቃ የተቀመጠ ጨው ውኃ ይቋጥራል፣ አዮዲኑንም ያጣል። ጎመንና ጥቅል ጎመን አዘውትሮ የሚበላ ሰው አዮዲን ካጣ ለእንቅርት የመጋለጡ ዕድል ስለሚጨምር ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ የትርፍ ሥራ አይደለም።

የዱር ቅጠሎች

በጎተራው ባዶ መሆን ምክንያት ሳማና አሉማ የሚለቀሙበት አካባቢ ብዙ ነው። ለጋ የሳማ ጫፍ በፈላ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ሲነከር የሚለበልበው ነገር ይጠፋል፤ ከዚያ እንደ ጎመን ይሠራል። ለአሉማ ግን ከላይ ስለ ጎመን የተባለው ይገለበጣል፤ ኦክሳሊክ አሲድ የሚባል ነገር ስላለበት የተቀቀለበት ውኃ መደፋት አለበት። አሉማ ሲለቀም አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው ተክል አብሮት በቆሻሻ መጣያና በማሳ ዳር ስለሚበቅል ለቃሚው ልጅ ሳይሆን የሚያውቅ አዋቂ ይሁን። አስተናግር አእምሮ ያስታል፣ ይገድላልም፤ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።

ጥሬ ስለሚበሉ ቅጠሎች

በክረምት ጎርፍ የሰውና የከብት ዓይነ ምድር ወደ ጓሮ ያመጣል። በሰላጣና በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ የሚጣበቀው የወስፋት እንቁላል በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በጨው ውኃ አይሞትም። እነዚህ ቆሻሻውን ለማላቀቅ ይረዳሉ እንጂ አይገድሉትም። የሚገድለው መብሰል ነው። ሰላጣ መብላት የሚፈልግ ሰው ቅጠሉን አንድ በአንድ ፈልቅቆ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ለመጨረሻው እጥበት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ መጠቀም አለበት። ለታዳጊ ሕፃናት ክረምቱን የበሰለ ብቻ ቢሰጥ ይመረጣል።

በፀረ ተባይ ጉዳይ ደግሞ ማጠብም መቀቀልም አስተማማኝ አይደሉም። በዕቃው ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይ ተጽፏል፤ ያ ቀን ሳይሞላ የተረጨ ቲማቲም ወይም ጎመን አይቆረጥም፣ ለገበያም አይወጣም። ለጎተራ እህል የተዘጋጀ መድኃኒት በአትክልት ላይ ፈጽሞ አይረጭም። በቅጠሉ ላይ ያለው ክሽክሽ በክረምት ብዙውን ጊዜ በዝናቡ ይታጠባል፤ ጥቂት ቢቀር አመድ ወይም የእጅ ለቀማ ይበቃዋል።

ድንች

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት እንደሆነ ተጽፏል። ክረምት ላይ የቅጠሉ በሽታ ስለሚያጠቃው ገበሬው ለረጅም ዘመን በመስኖና በበልግ ብቻ ይዘራው ነበር። በሽታውን የሚቋቋሙ እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች ከወጡ ወዲህ ግን በሰኔ ተዘርቶ በመስከረም የሚቆፈር ድንች እየተስፋፋ መጥቷል።

ድንች ሳይላጥ መቀቀል አለበት። ልጣጩ ቫይታሚን ሲው ወደ ውኃ እንዳይወጣ ይከላከላል። በሙሉው የተቀቀለ 2 መካከለኛ ድንች ለአንድ አዋቂ ሰው ለቀን ከሚያስፈልገው ቫይታሚን ሲ ግማሽ ያህሉን ሊሸፍን ይችላል። ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ የቆየ ድንች ይህን አይሰጥም። ለአልጫ ወጥ መላጥ የግድ ከሆነ ልጣጩ ስስ ይሁን፤ ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ እንጂ ቀደም ብሎ አይከተፍ፤ ውኃውም ከወጡ ጋር ይበላ። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ በሚቀረው ፍምና ረመጥ ውስጥ ድንች መቅበር ማገዶ የማይጠይቅ አሠራር ነው።

አሁን ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው የአረንጓዴ ድንች ነገር ነው። ብርሃን የመታው ድንች ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ሶላኒን የሚባል መርዝም ይበዛበታል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ አይጎዳም፣ የመርዙን መኖር ይጠቁማል እንጂ። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ በደጋ 92 ዲግሪ ውኃ ቀርቶ በዘይት መጥበስም በቅጡ አያጠፋውም። ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ በሕፃን ላይ ይበረታል። ጥቂት አረንጓዴ ካለው ያ ክፍል ከነቡቃያው ዐይን በጥልቀት ተቆርጦ ይጣላል። ብዙው አረንጓዴ ከሆነ ወይም በስሎ ሲቀመስ መርሮ ጉሮሮ ካቃጠለ ሙሉው ይጣላል፤ ለከብትም አይሰጥም። ገበያ ላይ በግልጽ ፀሐይ የተሰጣ ድንች ርካሽ ቢሆንም አይገዛ። በቤት ውስጥ ጨለማና ነፋሻ ቦታ በቆጥ ላይ ተዘርግቶ በጭድ ይሸፈን። ለዘር የሚቀመጠው ግን የተለየ ነው፤ እርሱ በተበተነ ብርሃን እንዲያቆጠቁጥ ስለሚፈለግ አረንጓዴ መሆኑ ጥሩ ነው። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ በተለያየ ቆጥ ማስቀመጥና ልጆች የዘሩን ድንች አውርደው እንዳይጠብሱት መንገር ያስፈልጋል።

እሸት በቆሎ

የእሸት በቆሎ ጣፋጭነት ስኳሩ ነው። እሸቱ እንደተቆረጠ ስኳሩ ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል፤ ሙቀት ባለበት ቦታ ደግሞ ለውጡ ይፈጥናል። ጠዋት ተቆርጦ ማታ የተቀቀለ እሸት ከጓሮ በቀጥታ ወደ ድስት ከገባው ጋር አይወዳደርም። ድስቱ ሲፈላ ነው ወደ ማሳ መሄድ የሚገባው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የደረሰ እሸት ሐሩ ደርቆ ይጠቁራል፣ ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ወተት ያወጣል። የውጩ ሽፋን ተገፎ ከውስጠኛው ጋር ቢቀቀል ጠረኑ ይጠበቃል። ለጥብስ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀር ነው የሚቀመጠው።

እሸት መብላት ከኅዳር ጎተራ መበደር ነው። የደረቀ ምርት የሚሰጠውን ትልቁን ራስ ትቶ በአገዳው ላይ ከታች ያለውን ሁለተኛውን ትንሽ ራስ መቁረጥ ብድሩን ያቃልላል። በቆሎ ብቻውን ደግሞ ለልጅ እድገት የሚሆን ፕሮቲን ይጎድለዋል፤ ከቦሎቄ ወይም ከባቄላ ጋር ንፍሮ ሆኖ ሲቀርብ አንዱ የሌላውን ይሞላል።

ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን

በብዙ ቤት ሕፃን ከእናት ጡት ቀጥሎ የሚያገኘው ቀጭን የእህል አጥሚት ነው። ሆዱን ይሞላል፤ ጉልበትና ቫይታሚን ግን ያነሰው ነው። ከጓሮ የሚገኘው የሚከተለው ምግብ በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ቢሰጠው ክረምቱን በደኅና ያልፋል።

1 መካከለኛ ድንች ሳይላጥ ይቀቀላል። ሊበስል ሲል 4 ወይም 5 ለጋ የጎመን ቅጠል አገዳው ወጥቶለት፣ በጣም ደቆ ተከትፎ፣ በሌላ ትንሽ ድስት በ1 ሲኒ ውኃ ተከድኖ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። ድንቹ ተልጦ ከጎመኑና ከቀረው ውኃ ጋር በንጹሕ ማንኪያ ይፈጨዋል። 1 እንቁላል ተመትቶ ይገባና እሳት ላይ እንዳለ እስኪረጋ ይማሰላል፤ ጥሬ እንቁላል ለሕፃን አይሰጥም። በመጨረሻ 1 የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመርበታል። ውፍረቱ በማንኪያ ሲያነሡት የማይፈስስ መሆን አለበት፤ የሚፈስስ ከሆነ ውኃው በዝቷል። እንቁላል ከሌለ የበሰለ የምስር ክክ በምትኩ ይፈጫል። በጾም ወራት አንዳንድ እናቶች ቅቤውንና እንቁላሉን ለሕፃኑም ያቆማሉ፤ ጾሙ ሕፃናትን እንደማይመለከት ካህናቱም ይናገራሉ።

የሚሠራው በአንድ ጊዜ የሚበላውን ያህል ነው። የተረፈ ከሆነ ተከድኖ ከ2 ሰዓት በላይ ሳይቆይ፣ ደግሞም እንደገና እስኪፈላ ከሞቀ በኋላ ብቻ ይሰጠዋል። ካደረ ለታላቅ ወንድሙ ወይም ለሌላ ሰው ሳይሆን ለውሻው ነው።